ፒን ቁጥር 12

አባቴ «ሞኒተሩ ይደበዝዛል» ባለኝ ቀን የሰጠሁት መልስ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያሳፍረኛል። «አባዬ፣ ሞኒተሩ ደህና ነው፤ ዓይንህን ታይ» አልኩት። ቀና ብዬ ስክሪኑን እንኳ በቅጡ አላየሁም። ስልኬ ላይ ነበርኩ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አራሚ ነበር። ማተሚያ ቤት፣ የማታ ፈረቃ። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ከሚለቀምበት ጊዜ ጀምሮ ኮምፒውተር እስኪገባ ድረስ ለጠዋት የሚወጣ ጋዜጣ ሲያርም አድሯል። ጡረታ ሲወጣ ያንን ዘመን ልጻፍ አለ። እኔም ከአንድ ቢሮ የተረፈ ዴስክቶፕ አገኘሁለት፣ መገናኛ ሄጄ ያገለገለ ባለ 22 ኢንች ሞኒተር ገዛሁ፣ ኡቡንቱ ጫንኩ፣ የአማርኛ ኪቦርድ አስተካከልኩና ወጣሁ። እሁድ ነበር፤ ሰው እየጠበቀኝ ነበር።

ዓይኑን ታየ። ሐኪሟ የድሮው መነጽር ገና እንደሚያገለግል ነግራው ነበር፤ እሱ ግን ያመነው ኢንጂነር ልጁን ነው። ከጡረታው ቆጥቦ አዲስ አሠራ። ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ሞኒተሩም ስለ መጽሐፉም ማንሳት ተወ። በሚቀጥለው ስመጣ ኮምፒውተሩ የእናቴን ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። እኛ ቤት ዳንቴል የሚደረብበት ዕቃ አይነካም ማለት ነው። አራት ወር እንደዚያው ተቀመጠ።

ለፋሲካ የእህቴ ልጆች ካርቱን ክፈትልን ብለው ያዙኝና ዳንቴሉን አነሳሁ። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ፊደል አይደለም፣ የብራውዘሩ ክብ ምልክት ነው። ክብ መሆን ሲገባው እንቁላል መስሏል፤ ግራና ቀኝ ተለጥጧል። ወደ ማስተካከያው ገባሁ፤ 1024 በ768። የሞኒተሩ የራሱ ልክ 1920 በ1080 ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ከ1024 በላይ የሚመረጥ ነገር የለም።

እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አስቡት። አንዷ ነጥብ ወደ ጎን 1.875 ነጥብ፣ ወደ ታች ደግሞ 1.4 ገደማ እንድትሆን ትገደዳለች። ሩብና ግማሽ ነጥብ ማብራት ስለማይቻል ሞኒተሩ ጎረቤት ቀለሞችን እያደባለቀ ይሞላዋል። የላቲን ፊደል ይህን ብዙ ጊዜ ይችለዋል። የእኛ ግን ልዩነቱ ጫፍ ላይ ነው ያለው። «ሊ» እግሯ ላይ ጭረት አላት፣ «ሌ» ቀለበት። ቀለበቷ በአነስተኛ ፊደል ሁለት ሦስት ነጥብ ብትሆን ነው፤ እሷ ከተደፈነች ሁለቱ አንድ ናቸው። የአባቴን ፋይል ከፈትኩት። አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል «ሌሊት»። እኔም በሃያ ስምንት ዓመት ዓይኔ የቱ ሌ የቱ ሊ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሞኒተር ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት መንገድ አለው፤ ኢዲአይዲ ይባላል። ቬሳ የሚባለው የስታንዳርድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሲሆን መሠረቱ 128 ባይት ብቻ ነው፦ ማን ሠራኝ፣ በየትኛው ዓመት፣ ልኬ ስንት ነው። በቪጂኤ ገመድ ላይ ይህ ወሬ የሚያልፈው በፒን 12 እና በፒን 15 ነው። ምስሉ በሌሎቹ ስለሚሄድ እነዚህ ቢቋረጡም ስክሪኑ ይበራል። ኮምፒውተሩ ግን ማን እንደተሰካበት አያውቅም፤ ስለዚህ አያስከፋም ያለውን ትንሽ ልክ ይመርጣል። ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል።

ገመዱን ነቅዬ በስልኬ መብራት አየሁት። ፒን 9 የለችም፤ እሷ በብዙ ገመዶች ላይ ከፋብሪካውም ስለማትኖር አያስደነግጥም። ፒን 12 ግን ተጣጥፋ ተኝታለች። ገመዱ አዲስ ነበር። ያን እሁድ አልገባ ሲለኝ በኃይል የገፋሁት እኔ ነኝ።

በእናቴ የቅንድብ መንቀያ ላቃናት ስሞክር ተሰበረች። ለጊዜው ሲቪቲ በምትባለው ትእዛዝ ልኩን አስልቼ በኤክስራንዳር በግድ ጨመርኩት። ስክሪኑ አንዴ ጨለመና ተመለሰ፤ እንቁላሉም ክብ ሆነ። ይህ ዘዴ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ሱቅ ሲከፈት ሌላ ገመድ ገዛሁ።

አባቴን ጠርቼ አስቀመጥኩት። አዲሱን መነጽር አውልቆ የድሮውን አደረገ። ብዙ ዝም ብሎ አየ።

«አባዬ፣ ዓይንህ አልነበረም። ገመዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አራት ወር» አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር። ቀጥሎ የሚለውን ጠበቅኩ። ጣቱን አንስቶ፣ ያኔ ስቸኩል ስም ያወጣሁለትን ፎልደር ነካ፤ «የአባዬ ፅሁፍ» ይላል።

«ጽሑፍ በጸሎቱ ጸ ነው» አለኝ። «በሐመሩ ሐ። አርመው።»