ዓባይን ከድልድዩ እስከ ምንጩ

ውኃ የማይጠጣ ሰው የለም፤ ውኃው ከወዴት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው 550 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይህን ጥያቄ ያስጠይቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር፣ አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነበት ጊዜ፣ ከቤተ ሰባችን ጋር በመኪና ተጕዘንበት ያየነውን እነሆ እንተርካለን።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ምድሩ በድንገት ገደል ይሆናል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል፤ የደጋው ብርድ ቀርቶ የበረሃው ወበቅ መንገደኛውን ይቀበለዋል። ከሥር፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ቆሟል። ወንዙ ሞልቶ፣ እንደ ጭቃም ደፍርሶ ነበር። ታናሹ ልጃችን በመስኮት ተመልክቶ፣ «አባባ፣ ይህን ውኃ ማን አደፈረሰው?» አለ። «ምንጩን ስታይ ታውቀዋለህ» ብለን ጕዞአችንን ቀጠልን።

ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፈን፣ ከትሊሊ ወደ ቀኝ ታጥፈን ሰከላ ደረስን። ግሽ ዓባይ በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ ምንጩን አይተው ለአውሮፓ ሰዎች ጽፈዋል፤ ለአገሬው ግን ከእነርሱ መምጣት በፊት የታወቀና የተከበረ ነበር። አቡነ ዘርዐ ብሩክ በመከራ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው፣ በኋላ ርጥበት ሳይነካቸው እንደ ተቀበሉ በትውፊት ይነገራል። ምእመናን ዛሬም ወደ ጸበሉ የሚቀርቡት ምግብ ሳይቀምሱ ነው።

ልጃችን ያን ትንሽ ምንጭ ባየ ጊዜ፣ «ያ ትልቁ ወንዝ ይህ ነውን?» ብሎ ተደነቀ። አዎን፣ ይኸው ነው። ከዚህ የተነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል፤ ዓባይም ከጣና በባሕር ዳር ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ በተሻገርነው ድልድይ ሥር ያልፋል። ከምንጩ ሲወጣ ግን ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ልጁ ከጸበሉ በጠርሙስ ቀድቶ ያዘ።

ባሕር ዳር ስንደርስ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጣናን አየን። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ያልፋሉ፤ በደሴቶቹም ላይ ገዳማቱ በደን ተከበው ይታያሉ። ይሁን እንጂ በሌላው ዳርቻ እንቦጭ የተባለው አረም ውኃውን ሸፍኖ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስጨንቋል፤ ብዙ ሕዝብም እየወጣ በእጁ ነቅሎታል። በ30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይልም ስለሚውል፣ የቀድሞ ግርማው የሚታየው ክረምቱ በበረታ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ውኃውን ያደፈረሰው ማን ነው? ዛፉ የተቈረጠበት፣ እርከን ሳይሠራለት የታረሰው ተዳፋት ነው። ዝናብ ሲወርድ የገበሬው አፈር ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ የልጆቹም እንጀራ አብሮ ይሄዳል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ ደለል ይቀበላል። በመንገዳችን ግን ሌላ ነገር አስተውለናል፤ በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሲራቈት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግን በዛፍ እንደ ተሸፈነ ነው። አባቶቻችን ዛፉን ከደጀ ሰላሙ ጋር አክብረው ስላቈዩ አፈሩ አልሸሸም። በቅጽሩ ውስጥ የምናከብረውን ዛፍ ከቅጽሩ ውጭ ለምን እንንቀዋለን? እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በማሳው ዳር እርከን ቢሠራና ችግኝ ተክሎ ቢያሳድግ፣ ወንዙን ከነምንጩ ይጠብቃል።

በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የአካባቢውን ሰላም ይጠይቅ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ይነሣ።

በመልስ ጕዟችን ድልድዩን ስንሻገር ልጃችን የግሽን ውኃ በጠርሙስ እንደ ያዘ ነበር። አንድ ጊዜ ጠርሙሱን፣ አንድ ጊዜም ወንዙን ተመለከተ፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቀም።