ጐማ ፍለጋ በሐዋሳ መሃል ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚመኘው ሐይቁን ማየትና የአሞራ ገደልን ዓሣ መቅመስ ነው። እኔና ባልንጀራዬ ግን ባለፈው ሐምሌ ሐይቁን ትተን በመሃል ከተማ ጐሚስታ ስንፈልግ ዋልን። ሻሸመኔን እንዳለፍን የኋላው ጐማ ፈንድቶ ነበር፤ በምትኩ የገባው ስኮርታም እንደ መዳፍ የለሰለሰ ነው።

መሃል ከተማ መንገዱ ሰፊና ለጥ ያለ፥ ዛፉም ደስ የሚያሰኝ ነው። ባጃጁና ብስክሌቱ ይርመሰመሳል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ከተማ ጐማው ያለቀበት ሰው ማለቁን ቶሎ አያውቅም፤ የሚያጋልጠው ዝናብ ነው።

ጐሚስታው ሁለት ዓይነት ጐማ አቀረበልን፤ አንዱ ርካሽና ያገለገለ፥ ሌላው አዲስ። የባልንጀራዬ ደመወዝ የጀማሪ ጸሐፊ ስለሆነ ዐይኑ ወደ ርካሹ ሄደ። አጠገባችን የቆመ የባጃጅ ሾፌርም «ጋሼ፥ ይኼ እኮ የውድድር ጐማ ነው! የእሽቅድምድም መኪና ጥርስ አለው እንዴ?» ሲል አሳቀን።

ቀልዱ መሠረት የሌለው አይደለም። በፎርሙላ ዋን ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2008 ቦይ ያለው ጐማ በደንብ ታዝዞ ነበር፤ በ2009 ግን ልሙጡ ተመለሰ። ልሙጥ ጐማ በደረቅ መንገድ መላ ገጹ አስፋልቱን ስለሚነካ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ላስቲኩ ለስላሳ ሆኖ የተቀመመ፥ ሲግል ብቻ የሚሠራና ቶሎ የሚያልቅ ነው። ዝናብ ሲጥል ተወዳዳሪው ከመንገድ ወጥቶ ባለ ቦዩን ያስገጥማል፤ ውሃውን የሚያስወጣ ቦይ ከሌለ ጐማው በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፥ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዙም። በውጭ አገር በዕረፍት ቀናቸው የገዛ መኪናቸውን በውድድር ሜዳ የሚነዱ ሰዎችም ሁለት ዓይነት ጐማ የሚይዙት ለዚህ ነው። ያለቀ ጐማ ግን የውድድር ጐማ አይደለም፤ ለስላሳው ላስቲክ የለውም፥ የቀረውም ስስ ስለሆነ ምስማር በቀላሉ ይበሳዋል።

በአዲሱ ጐን ላይ 185/65 አር 15 88 ኤች ተጽፎ ነበር። 185 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፥ 65 የጐኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፥ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ 88 አንዱ ጐማ 560 ኪሎ እንደሚችል፥ ኤች በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር እንደሚፈቅድ ያመለክታሉ። በርካሹ ላይ ደግሞ 0811 የሚል አገኘን፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2011 በ8ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፥ ይሰነጣጠቃል።

ጐሚስታው በቦዩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በጣቱ አሳየን። ጥርሱ አልቆ ከነርሱ ጋር እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በብዙ አገር ከዚያ በታች መንዳት ክልክል ነው። ከዚያም ዋጋ ሳይጠራ «ልጄ፥ ስትመለስ ስንት ሰው ትጭናለህ?» አለው። ባልንጀራዬ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከዘመድ ቤት ሊወስድ ነበር የመጣው።

ሁለት አዲስ ገዛ። እኔ ከፊት ይግጠሙ ባይ ነበርሁ፤ ሽማግሌው ግን ከኋላ አስገቡት፤ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናው ዞሮ ይጥላል፥ የፊቱን ግን ሾፌሩ ቶሎ ይሰማዋል አሉ። የጐማ ሠሪዎች ምክርም ይኸው ነው።

ብሎኑ ሲጠብቅ ዝናቡ መጣ። ለዓሣው የያዝነው ገንዘብ ስላለቀ ምሳችንን ሽሮ በላን፤ የባጃጁ ልጅም ከጣራው ሥር ተጠግቶ የገዛ ጐማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግ ነበር።