ክሩ ከየት መጣ?

በጃፓን ተረት ውስጥ ሴት ሆና ሰው የምታገባ ወፍ ወይም አውሬ ብዙ ናት። እኔ እነዚህን ተረቶች የምወዳቸው ስለ ትዳር ብዙ የሚናገሩ ስለሚመስለኝ ነው።

በይበልጥ የታወቀችው ሽመላ የምትመስል ነጭ ወፍ ናት። አንድ ድሃ በቀስት ቆስላ ያገኛትን ወፍ ያድናል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ቆንጆ ሴት ከደጁ ትደርስና ይጋባሉ። በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንዱ ነው፤ በጃፓን ገጠር ግን ሽመናውም የሴት ሥራ ነበር። ሚስትም ስትሠራ እንዳያያት አስጠንቅቃ ክፍሏን ትዘጋና አቻ የሌለው ጨርቅ ይዛ ትወጣለች። ጨርቁ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ባል ድገሚ ይላታል። እሷ ትከሳለች፣ እሱ ገንዘብ ይቆጥራል። በመጨረሻ አጮልቆ ቢያይ አንዲት ወፍ የገዛ ላባዋን እየነጨች ትሸምናለች። በዚያው በርራ ትሄዳለች።

ተረቱን የሚያወሩ ሰዎች ጥፋቱን ቃሉን አፍርሶ ማየቱ ላይ ያደርጉታል። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ይህ ሰው አንዲት ልቃቂት እንኳ ገዝቶ ወደ ቤት አላስገባም። ታዲያ ያን ሁሉ ጨርቅ ሲሸጥ ክሩ ከየት መጣ ብሎ ሚስቱን አንድ ቀን መጠየቅ አልነበረበትም?

ደራሲው ጁንጂ ኪኖሺታ እ.ኤ.አ. በ1949 ተረቱን «ዩዙሩ» በሚል ርዕስ ቴአትር አድርጎታል። በቴአትሩ ባልየው ስለ ገንዘብ መናገር ሲጀምር ሚስቱ ንግግሩ አይገባትም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ቃሉ ግን አይደርሳትም። ከአንባቢዎቼ መካከል ይህን ለማመን የሚቸገሩ ብዙ አይመስሉኝም።

እናቶችን የሚያስለቅሰው ግን የቀበሮዋ የኩዙኖሃ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1734 በአሻንጉሊት ቴአትር የቀረበ፣ ኋላም ወደ ካቡኪ መድረክ የተሻገረ ነው። ማንነቷ ሊገለጥ ሲል ትንሹን ልጇን ትታ መሄድ ግድ ይሆንባታል። ስንብቷን በወረቀት በር ላይ ስትጽፍ ልጁን ስለታቀፈች ብሩሹን በጥርሷ ነክሳ ትጽፋለች። ልጁ አድጎ ታዋቂው የቤተ መንግሥት ኮከብ ቆጣሪ አቤ ኖ ሴይሜይ ሆነ ይባላል።

ለእኔ ደስ የሚለኝ ከሁሉም የቆየው ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኪዮካይ የተባለ የቡድሃ መነኩሴ በሰበሰበው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሚስት ሩዝ ለሚወቅጡ ሴቶች ምግብ ልትሰጥ ስትገባ ውሻ ይነሣባታል፤ ደንግጣ ቀበሮ ትሆንና አጥር ላይ ትወጣለች። ባልየው ዱላ አላነሣም። ልጅ ወልዳለታለችና እንደማይረሳት ነግሮ፣ እየመጣች ከእሱ ዘንድ እንድታድር ለመናት። ቀበሮ በጃፓንኛ «ኪትሱኔ» የተባለችው «መጥተሽ እደሪ» ከሚለው ቃል ነው ይላል መጽሐፉ። እሷም ትመጣ ነበር። ልጃቸውም በጉልበቱና በሩጫው የታወቀ ሆነ።