የቪቬካናንዳ ትምህርት ስለ አገልግሎት

በቋንቋችን አገልግሎት የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካህኑ ሌሊት ተነሥቶ የሚቆመው ማሕሌትና የሚቀድሰው ቅዳሴ አገልግሎት ይባላል። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ ሲሰናበት የሚቈጠርለት ዘመንም አገልግሎት ይባላል። ሁለቱ በስም አንድ ሆነው ሳለ በልባችን ግን እጅግ ተራርቀው ይኖራሉ፤ ለመጀመሪያው ጫማ እናወልቃለን፣ ለሁለተኛው ሰዓት እንቈጥራለን።

በህንድ አገርም ሴቫ የሚባል ቃል አለ። በቤተ መቅደስ የአምላክን ምስል ማጠብ፣ ማልበስ፣ መብል ማቅረብ ሴቫ ነው፤ ሽማግሌ አባትን መጦርና በሽተኛን ማስታመምም እንዲሁ ሴቫ ነው። የዚህን ቃል ሁለት ቤቶች ግድግዳ አፍርሶ አንድ አዳራሽ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ስዋሚ ቪቬካናንዳ ነው። (ስዋሚ ለመነኩሴ የሚሰጥ የማክበሪያ ስም ነው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዘመናትም ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ሰው ጥር 12 ቀን 1863 በካልካታ ከተማ ሲወለድ ናሬንድራናት ዳታ ተባለ። አባቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የታወቁ ጠበቃ ነበሩና በምቾት አደገ፤ የእንግሊዞችን ፍልስፍናም ተምሮ ሳያይ የማያምን ተጠራጣሪ ወጣት ሆነ። ጥርጣሬውን ይዞ ከከተማው ውጭ በዳክሺኔስዋር ቤተ መቅደስ ወደሚኖር ራማክሪሽና ወደሚባል ካህን መመላለስ ጀመረ። ራማክሪሽና የቀለም ትምህርቱ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ያ የተማረ ወጣት ያን ያልተማረ ካህን መምህሬ ብሎ እስከ ሞቱ ድረስ ተከተለው።

በ1884 አባቱ በድንገት ሞቱ። ብዙ እንግዳ ይመግብ የነበረው ቤት ዕዳ ብቻ ቀረበትና እናትና ታናናሾች ጦማቸውን የሚያድሩበት ቀን መጣ። ናሬንድራናትም ማመልከቻውን በእጁ ይዞ፣ ባዶ እግሩን በቀትር ፀሐይ፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሥራ ሲለምን ዋለ። በሩን የከፈተለት ግን አልነበረም። እኛ የታሪኩን ይህን ክፍል ካነበብን በኋላ በመስኮታችን ፊት ማመልከቻ ይዞ የሚቆመውን ወጣት ሁሉ ቀና ብለን ሳናየው ማሳለፍ አልቻልንም።

በዚያው በ1884 አንድ ቀን ራማክሪሽና በደቀ መዛሙርቱ መካከል ተቀምጦ ትምህርት ሲሰጥ፣ ለፍጥረት ሁሉ መራራት ከሚለው ነገር ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ በተመስጦ ቈየ። ከተመስጦውም ሲመለስ፣ ሰው ለሰው ሊራራ የሚችልበት ሥልጣን እንደሌለው፣ ይልቁንም በሰው ውስጥ ያለውን አምላክ ሊያገለግል እንደሚገባው ተናገረ። ብዙዎች ነበሩ የሰሙት፤ ነገሩ እስከ አጥንቱ የገባው ግን ያ ሥራ ፈላጊ ወጣት ብቻ ነበር። ከክፍሉ ወጥቶ፣ ፈጣሪ ቢፈቅድ ይህን ቃል አንድ ቀን ለዓለም እንደሚያሰማ ለባልንጀሮቹ ነገራቸው። በእኛ ግምት፣ ያን ጊዜ የሰዎችን ርኅራኄ በየደጃፉ ሲለምን የሰነበተ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ የርኅራኄን ልክ ያውቅ ነበር።

ይህ ትምህርት እኛን ብዙ ጊዜ አሳስቦናል። የሚራራ ሰው ከላይ ወደ ታች ያያል፤ ዛሬ አንጀቱ ተላውሶ ነገ ቢሰለቸው የሚጠይቀው የለም። ባልቴቲቱ የባሏን ጡረታ ለማስከበር ከገጠር ስትመጣ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ልጇ የምንሆነውን ሰዎች «ጌታዬ፣ ይዘኑልኝ» ትለናለች። ነገር ግን የመጣችበት ወረቀት መብቷ እንጂ የእኛ የአንጀት ነገር አይደለም። ክርስቲያን አንባቢም በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ስለ ተራበውና ስለ ታረዘው የተጻፈውን እንደሚያስታውስ አንጠራጠርም። የህንዱ መምህር ስለ አምላክ የሚያምነው ከእኛ እምነት ጋር በብዙ ነገር አይስማማም፤ በዚህ በር ላይ ግን ተገናኝተናል።

ቪቬካናንዳ በ1893 ወደ ቺካጎ ሄዶ በዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ተናገረ፤ ይህ ዝናው በየመጽሐፉ ስለ ተጻፈ አናረዝመውም። ለእኛ ጕዳይ የሚበልጠው ከተመለሰ በኋላ ያደረገው ነው። በግንቦት 1 ቀን 1897 በመምህሩ ስም የራማክሪሽና ሚሲዮን የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። መነኮሳቱ ለራሳቸው ነፍስ መዳንና ለዓለም ደኅንነት እንዲሠሩ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ እንዲይዙ ወሰነ። ከወንድሞቹ መነኮሳት አንዱ፣ መምህራችን ጸሎትን እንጂ ሆስፒታልን መቼ አስተማረን፣ ይህ የፈረንጅ ሐሳብ አይደለምን ብሎ ተከራከረው። ነገሩ ከባድ ነበር፤ በህንድ አገር መነኩሴ ማለት ዓለምን ትቶ ወደ ዋሻና ወደ ወንዝ ዳር የሚሄድ ነበርና። መልሱ ግን በቃል ብቻ አልተሰጠም። በዚያው ዓመት በሙርሺዳባድ ረኃብ ሲገባ ከመነኮሳቱ አንዱ በመንደሮቹ ተቀምጦ እህል ያድል ጀመር። በ1898 በካልካታ ወረርሽኝ ሲነሣና ሰው ከተማውን ጥሎ ሲሸሽ፣ ቪቬካናንዳ ከነበረበት ከዳርጂሊንግ ተራራ ፈጥኖ ወረደ፤ ገንዘብ ከታጣም በቤሉር ለገዳሙ አዲስ የተገዛውን መሬት እንሽጠው አለ። ገንዘቡ በሌላ መንገድ ስለ ተገኘ መሬቱ አልተሸጠም። በ1899 ወረርሽኙ እንደገና ሲመለስ ኒቬዲታ የተባለችው የአየርላንድ ተወላጅ ደቀ መዝሙሩ መጥረጊያ ይዛ መንገድ ስትጠርግ የሰፈሩ ወጣቶች አፍረው ተከተሏት። እርሱ ራሱ ሐምሌ 4 ቀን 1902፣ በ39 ዓመቱ ሞተ።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚቀርበው ካርማ ዮጋ በተባለው መጽሐፉ የሚገኘው፣ ከጥንታዊው ማሃባራታ የተወሰደው የሥጋ ሻጩ ታሪክ ነው። እኛ ግን በመጽሐፍ ከማየታችን በፊት የሰማነው ከአንድ የመዝገብ ቤት ሹም አፍ ነው። እርሳቸውም በልጅነታቸው ከህንዳዊ አስተማሪያቸው ሰምተውት ነበር፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ የህንድ መምህራን እንደ ነበሩ የታወቀ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጫካ ብዙ ዘመን የተጋደለ አንድ ባሕታዊ በቍጣ ቀና ብሎ ሲያይ ወፎችን አቃጠለና ኀይል አገኘሁ ብሎ ኰራ። ወደ ከተማ ወርዶ ቢለምን አንዲት ሴት የታመመ ባሏን ስታስታምም አስቈመችው። በልቡ ሲቈጣ፣ እኔ ወፍ አይደለሁም ብላ ምስጢሩን ነገረችው፤ ከዚህ የበለጠ መማር ከፈለገም በሌላ ከተማ ወዳለ ሥጋ ሻጭ ላከችው። ሥጋ ሻጭ በዚያ አገር የተናቀ ነው፤ (በእኛም አገር ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባለ ስንት ባለሙያ ተንቋል።) ሥጋ ሻጩም ባሕታዊውን፣ ገበያዬን እስክጨርስ ጠብቅ አለው። ሽጦ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደና አስቀድሞ አረጋውያን አባትና እናቱን አጠበ፣ መገበ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ተቀምጦ ከፍ ያለውን ጥበብ አስተማረው።

ሹሙ ይህን ሲተርኩ ዘወትር «ጠብቅ» ከሚለው ቃል ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። እንደዚያም ይሠሩ ነበር። ከፊታቸው የቆመ ባለጕዳይ ሳለ የበላይ መልእክተኛ ቢመጣ፣ «ልጄ፣ እኒህን አባት ልሸኝና እመጣለሁ» ይሉታል። ይህ ልማዳቸው የሚወደድ አልነበረም። 34 ዓመት አገልግለው፣ ከእርሳቸው በኋላ የገቡት በላያቸው ሲሾሙ አይተው፣ በነበሩበት ደረጃ ተሰናበቱ።

እዚህ ላይ ከትምህርቱ ጋር ትንሽ ሙግት አለን። ሠራተኛ የሥራውን ፍሬ ለራሱ አይመኝ የሚለው ቃል ለአገልጋዩ ተነገረ እንጂ ለአለቃው አልተነገረም። የማይጠይቀውን ሰው አይጠይቅምና አንስጠው ማለት የቃሉን መሸጫ ዋጋ ማትረፍ ነው። እንዲሁም ፍሬውን አለመመኘት ማለት ፋይሉ የትም ቢወድቅ ግድ የለኝም ማለት አይደለም፤ ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ትክክል መዝኖ ነው የሸጠው። ይህን ለሹሙ በመሰናበቻቸው ቀን ብንነግራቸው፣ «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለላይኞቹ ንገሯቸው» ብለው ሣቁ።

በእጃቸው የጻፉት የመዝገቦች ማውጫ፣ ጠርዙ በጨርቅ የተለበጠው ትልቁ ደብተር፣ እስካሁን በመደርደሪያው ላይ ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከ40 ዓመት በላይ የሆነውን የባላቸውን የቅጥር ደብዳቤ ፈልጉልኝ ብለው መጡ። «እናቴ፣ ይቀመጡ» አልናቸውና ማውጫውን ገለጥን። ተቀምጠው የተሰጣቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ፋይሉ ወጣ።