በአባት ቆጠራ ያልተጠራችው

ቅድመ አያትን በወረቀት መፈለግ በእኛ አገር ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከራሳችን ስም ቀጥሎ የአባትና የአያት እንጂ ለትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ ቅድመ አያት ከመታወቂያው ላይ ይወርዳል። አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1976 ነው፤ ከዚያ በ1987 እና በ1999። ከእነዚህ ታትሞ የወጣው ቁጥር ነው፣ ስም የለበትም። የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ በ2008 መጨረሻ ነው፤ ያኔ የእኔ አያቶች ሁሉ ተቀብረው ነበር።

ስለዚህ ወደ ሰው ሄድኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ከራሳቸው ጀምረው አባት እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ሲደርሱ ይቆማሉ። መሀል ላይ በሴት በኩል ይታጠፋሉ፤ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት ደግሞ እገሌን» እያሉ። ስማቸው ውስጥ አንዲት ሴት የለችም፤ ቆጠራቸው ውስጥ ግን አሉ። ይህ እጅግ ደስ አሰኘኝ።

ምክንያቱን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ርስት ነው። በአባትም ይሁን በእናት ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ከመሬቱ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ዳኛ ፊት ቀርቦ የሚቆጥረው ትውልድ ማስረጃው ነው፤ አንድ ስም የዘለለ ይረታል። ልጆች ከብት እየጠበቁ የተማሩት ለዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ቆጠራው ሙግቱን አጣ። ከእሳቸው በኋላ የተወለዱት ወንድሞቻቸው ከአራት አባት አያልፉም።

ቤተ ክርስቲያኑም ያስቀመጠው ተመሳሳይ ነገር ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ባሉ የብራና ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈው ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና ውርስ ነው፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስ፣ ምስክር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥርዓት ያጠናው እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ነው፤ በእነሱም ውስጥ መሬት የሚሸጡና የሚገዙ፣ የሚሟገቱም ሴቶች ይገኛሉ። እነዚህን ጽሑፎች እወዳቸዋለሁ። የሰው ስም ሦስት መቶ ዓመት ሳይጠፋ መቆየቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእናቴ በኩል ግን ቆጠራው ከአንዲት ሴት ደርሶ ይቆማል። የእናቴን አያት ቤተሰቡ «ከሩቅ የመጣች» ይላታል፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ወሬ ይለወጣል። የእናቴ ታላቅ እኅት ካረጀች በኋላ ነገረችኝ። ሴትዮዋ በልጅነቷ የተሸጠች ናት። ገዝቶ ባመጣት ባለርስት ቤት አደገች፣ ፈጨች፣ ውሃ ቀዳች፣ አያቴንም እዚያው ወለደች። የአያቴ አባት ማን እንደሆነ አክስቴ ታውቃለች፤ እኔም አሁን አውቃለሁ። የዚያ ቤት ልጆች እስከ ዛሬ ዐሥር አባት ይቆጥራሉ፤ እሷም ከእሷ የተወለደችው ልጅም በቆጠራው የሉም። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ነው፤ ያን ጊዜ እሷ የልጅ ልጅ አይታለች። ነጻ ወጣች፣ መሬት ግን አላገኘችም።

ዓመታት ስሰበስብ የኖርኩት የዘር ሐረግ ምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ስሰማ ነው። የቆየልን የሰዎች ስም ሳይሆን የባለመብቶች ስም ነው። ጪሰኛው፣ በብዙ አካባቢ ርስት የተነፈገው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የተሸጠው ልጅ፣ የእነዚህን ስም በቃሉ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆምላቸው አልነበረም። አያቶቻችን ስለረሱ አይደለም፤ መቁጠር ምንም ስለማያስገኝ ነው። በዚህ አዝናለሁ፣ እቆጣለሁም።

ከእሷ የተረፈው የክርስትና ስሟ ነው። ያ ቤት አስጠምቋት ነበርና እንደ ብዙ ሴቶች በ«ወለተ» የሚጀምር ስም አላት። አክስቴ ይህን ስም ለነፍስ አባታቸው አጽፋ በየዓመቱ ጸሎት ታስደርጋለች፤ ቄሱ በሚይዙት ተራ ደብተር ውስጥ ከሌሎች ሙታን መሀል ተጽፎ አይቻለሁ። በቤተሰባችን ሳታርስ፣ ሳትወርስ፣ ሳትሟገት ስሟ የተጻፈላት ሰው እሷ ብቻ ናት። የተወለደችበት አገር፣ የእናቷ ስም፣ ወላጆቿ ያወጡላት ስም የለም። ዛሬ የማውቃቸው መዛግብት ሁሉ ቢከፈቱ የሚገኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። «አባትህ ማን ነው፣ የእሱስ አባት?» ማለቱን አልተውኩም፤ አሁን ግን እጨምራለሁ። እዚያ ቤት ማን ያድር ነበር? ወፍጮው ላይ ማን ነበረች? ልጆቹን ማን አዘለ? እሷን ክርስትና ያነሣት ማን ነው? ስትሞት የት ተቀበረች፣ ማን አለቀሰላት? እነዚህን ጥያቄዎች ሽማግሌዎች የሚመልሱት ቀስ ብለው ነው፤ አንዳንዶቹም ይቆጣሉ፣ የቤታቸው ስም የሚነሣ ይመስላቸዋል። የሚመልሱት ግን ያውቋቸዋል፣ በስም ያውቋቸዋል።

ከ1934 በፊት የተወለደ ሰው ዛሬ ሰማንያ አልፎታል። ያንን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሁለት እናቶች በእኛ ወገን ቀርተዋል፤ የአንደኛዋ ጆሮ ደክሟል። ለጥምቀት እሄዳለሁ፣ መቅረጫ ይዤ።