አንድ አሥረኛ

መኪናችን ግማሽ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ክብደቷ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። በሙሉ ኃይሏ ብትሄድ እንኳ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይቀድማታል። በሪሞት የምትነዳ፣ ዓለት ላይ የምትወጣ መኪና ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ስለ እርሷ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ቲቸር፣ ስንት ትሮጣለች?» ብለው ነው፤ መልሱን ስነግራቸው ፊታቸው ቅዝቅዝ ይላል። ከትልልቆቹ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «አንተ ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ መጫወቻ ምን ያደርግልሃል?» የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ አብሬ ልመልሳቸው።

እንዲህ ያሉትን መኪኖች እንግሊዝኛው «ክሮለር» ይላቸዋል፤ የሚድሁ እንደ ማለት ነው። እውነተኛውን መኪና እየተከተሉ በትንሹ ይሠራሉ፤ የተለመደው መጠን አንድ አሥረኛ ነው። ይህን በክፍል ስነግራቸው አንዱ ልጅ «እንግዲያው የቶዮታ አሥራት ነዋ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሥራው አዲስ አይደለም። ሺዙኦካ፣ ጃፓን የሚገኘው ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1981 የቶዮታን ፒክአፕ በዚህ መጠን አውጥቶ ነበር፤ ባሌስትራና ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ነበረው። የአሜሪካው ትራክሳስ በ2017 ያወጣው ቲአርኤክስ-4 ደግሞ ሪሞቱን ከያዙበት ሆነው ዲፈረንሻሉን መቆለፍና መፍታት፣ ማርሹንም ከከባድ ወደ ቀላል መቀየር ያስችላል። ተገጣጥሞ የሚሸጥ አለ። እኛ ግን የምንፈልጋት መኪና አንድ ብቻ ስለነበረች መሥራት ነበረብን።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ከጅማ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። 31 ዓመት ሾፌር ነበሩ። አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ክትባትና የጤና ባለሙያዎችን ጭነው ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም አስፋልት ወደማያውቃቸው ጤና ጣቢያዎች ሲመላለሱ ነው። የሚነዷት ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ነበረች፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው የ70 ቤተሰብ አባል የሆነችው፣ 75 የምትባለዋ። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የሌላት። የኢትዮጵያን የገጠር መንገድ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

አሜሪካ ውስጥ ግን ይህች መኪና በይፋ ተሸጣ አታውቅም። አባባ እንደ መጡ ሰሞን በየፓርኪንጉ ስንዞር በዓይናቸው ይፈልጓት ነበር። ኋላ «የእኔዋ እዚህ የለችም» አሉና መፈለጉን ተዉት። ግላኮማ አለባቸው፤ የጎን እይታቸው ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው፤ መንዳት የሚታሰብ አይደለም። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሶፋው ላይ ትቻቸው እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ እዚያው አገኛቸዋለሁ። በእናንተም ቤት እንዲህ ያሉ አባት፣ እናት ወይም አያት ይኖሩ ይሆናል፤ የምናገረው ይገባችኋል። 31 ዓመት መንገድ ያዘዘ ሰው አሁን መንገድ የሚሻገረው እጁን ተይዞ ነው። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው ያቺን መኪና በእጃቸው እንዲይዟት ፈለግሁ።

የገዛነው ኪት የብረት ሻንሲ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራና ዲፈረንሻላቸው የተቆለፈ የፊትና የኋላ አክስሎች ብቻ ያሉት ነው። ሞተሩን፣ ጎማውን የሚያዞረውን ሰርቮ፣ ባትሪውንና ሪሞቱን በየወሩ አንድ አንድ እያልን ጨመርን። አካሏን ነጭ የፕላስቲክ ንጣፍ እየቆረጥን፣ እያጣበቅን ሠራነው። እኔ ስቆርጥ አባባ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ኮፈኑ ላይ መታጠፍ ያለበትን ቦታ፣ የፓራፋንጎውን ጉብታ የሚያውቁት በጣታቸው ነው። «እዚህ ጋ ትንሽ ትወፍራለች» ይላሉ። ከኢንተርኔት ፎቶ አውጥቼ ሳስተያይ እውነታቸውን ነው።

መጠኑን መጠበቅ ከምታስቡት በላይ ይከብዳል። በእውነተኛዋ መኪና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2,980 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛዋ 298 መሆን አለባት። ኪቱ ሲመጣ 287 ነበር። የጎደለው 11 ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ በትልቋ መኪና ግን 11 ሳንቲ ሜትር ነው። አባባ «ካቢናውና ካሶኒው ይጣላሉ» አሉ። ስለዚህ ሻንሲው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስተን የኋላውን የባሌስትራ ማሰሪያ ወደ ኋላ ወሰድነው።

ከዚያ በላይ የሚገርመው የክብደት ነገር ነው። ርዝመት በ10 ሲቀንስ የገጽ ስፋት በ100፣ ይዘት ደግሞ በ1,000 ይቀንሳል። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና በዚህ ስሌት ሁለት ኪሎ ትሆናለች ማለት ነው። የምድር ስበት ግን ከእኛ ጋር አያንስም። ትልቋ መኪና ከድንጋይ ስትወርድ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፤ ትንሿ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ባሌስትራውን ገጥመን ስንጨርስ አባባ በአውራ ጣታቸው ተጫኑትና «ይሄ የጭነት ነው፤ እሷ ባዶ ናት። አንዱን ብረት አውጣላት» አሉ። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱን አወጣሁ፤ መኪናዋ መሬቱን መያዝ ጀመረች። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎችም የሚመክሩት ይህንኑ መሆኑን በኋላ አነበብኩ። አባባ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አንብበው አያውቁም።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንምጣ። ለምን አትሮጥም? እንዳትሮጥ ስለሠራናት ነው። የሞተሯ ሽቦ 55 ዙር የተጠመጠመ ነው፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይዘገያል፣ በዝግታም ሲዞር አይንገጫገጭም። በማርሾቹ በኩል አልፎ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጎማዎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ውስጣቸው ስፖንጅ ነው እንጂ የታመቀ አየር አይደለም፤ ቸርኬው ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ አየሩን ስለምታስወጣ ጎማው በዓለቱ ቅርጽ ልክ ይተኛል። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድና አፍንጫዋ ስለሚነሣ፣ ባትሪውን ወደ ፊት አመጣነው፤ የፊት ቸርኬዎች ውስጥም የነሐስ ክብደት አስገባን። ዓለት የሚወጣው የሞተር ጉልበት ብቻውን አይደለም። የጎማ መያዝ፣ ዝቅ ያለ ክብደትና የሚታዘዝ ዝግታ ሲገናኙ ነው።

ይህንን በቃል ከማስረዳት ይልቅ አባባ አሳዩኝ። ከከተማችን በስተ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ግርጌ ወስደናት ነበር። ዓለቶቹ መሐል ስትገባ ትንሽ ስለሆነች ከአባባ ዓይን ትጠፋለች። እርሳቸው ግን ያዳምጣሉ። የሞተሩ ድምፅ ሲቀጥን «ጎማዋ ባዶውን እየዞረ ነው፤ ልቀቃት» ይላሉ። ድምፁ ሲወፍር «ያዘች፤ አትጨምር፣ እዚያው ያዛት» ይላሉ። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ፣ የነዱት ግን እርሳቸው ናቸው። ለብቻዬ አሥር ጊዜ ሞክሬ የተንከባለለችበትን ዓለት በሁለተኛው ሙከራ ወጣችው።

ከዚያ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ነገር ነገሩኝ። ክረምት ነበር አሉ። ድልድይ የሌለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ካሶኒው ላይ ኮልድ ቦክስ አለ፤ ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ በረዶ የተሞላ ሣጥን፤ ውስጡ የኩፍኝ ክትባት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። አብሯቸው የነበረው ባለሙያ «በረዶው ይቀልጣል፤ እንሻገር» አለ። አባባ አሰሉ፦ ሣጥኑ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ይይዛል፤ ዝናቡ ቆሟል፤ ውሃው ሌሊቱን ይጎድላል። ዳር ላይ ድንጋይ ምልክት አድርገው በየሰዓቱ በእጅ ባትሪ እየወረዱ ውሃውን በዱላ ለኩ። ሊነጋጋ ሲል ከጉልበት በታች ሆነ። መጀመሪያ በእግራቸው ተሻግረው ተመለሱ። ከዚያ በከባዱ ማርሽ፣ መሐል ላይ ሳይቆሙ አለፉ። ጤና ጣቢያው ደርሰው ሣጥኑ ሲከፈት በረዶው ገና በረዶ ነበር።

ቢሮ ሲመለሱ ግን መዝገቡ ላይ የሰፈረው «አንድ ቀን ዘግይቷል» የሚል ነው። የዚያ ቀን አበላቸውም ተቆረጠ። «ለእናትህ እንኳ አልነገርኳትም» አሉኝ። «ምን ልበላት? ቆሜ አደርኩ ልበላት?»

በ31 ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ መኪና አልገለበጡም። ይህንንም ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር፤ ቢነገረኝም ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚገባኝ አይመስለኝም። ዓለት ላይ አሥር ጊዜ ስትንከባለል ያየ ሰው ነው የሚገባው። እንግዲህ መጫወቻ ምን ያደርግልሃል ላሉኝ መልሴ ይህ ነው። አባቴ ስለ ሥራቸው የሚያወሩበት ቋንቋ ባሌስትራና ማርሽ ነው፤ እኔም ያንን ቋንቋ የምማርበት ነገር እጄ ላይ ያስፈልገኝ ነበር።

አሁን በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ድንጋያማ ቦታ ሁለት ሁለት እንጨት እየተከልን በር እንሠራለን። እንጨት የነካ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ወደ ኋላ የሄደም እንዲሁ። ሰዓት አይያዝም። አባባ የጨመሩት አንድ ሕግ አለ፦ «መንገዱን በእግርህ ሳታየው በጎማ አትግባበት።» ስለዚህ ተራው የደረሰ ልጅ መጀመሪያ ድንጋዮቹ መሐል ሄዶ አይቶ፣ መንገዱን ለአባባ በአማርኛ ይነግራቸዋል። «አባባ፣ በስተ ግራ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ ጉድጓድ አለ» ይላል። እርሳቸው ይጠይቃሉ፤ እርሱ ደግሞ ተመልሶ ሄዶ ያያል። እዚህ ተወልደው አማርኛ የሚከብዳቸው ልጆች ዛሬ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ ይላሉ። ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ገና አልነገርኳቸውም።

ልትጀምሩ የምትፈልጉ ካላችሁ ጥቂት ልምከር። ውዱን አትግዙ፤ ቀላሉን ገዝታችሁ ቀስ በቀስ አሻሽሉት። መጀመሪያ ጎማውን ለውጡ፤ ከሞተር በፊት ጎማ ይበልጣል። ብረት ከብረት ጋር የሚታሰርበት ብሎን ሁሉ እንዳይፈታ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ትታችሁት አትውጡ። ደግሞም በየቤታችሁ ሾፌር፣ መካኒክ፣ አናጢ ወይም ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ካለ፣ ብቻችሁን አትሥሩ።

የእኛዋ ገና አላለቀችም። ባለፈው ወር አባባ ካሶኒው ላይ ኮልድ ቦክስ እንድሠራ አዘዙኝ። ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጭ ሣጥን ሠራሁ። በእጃቸው መዘኑትና «ባዶ ነው» አሉ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ክብደት መጨመር ለመገልበጥ እንደሚያጋልጣት አስረዳኋቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «ግን ባዶዋን ብትወጣ ምን ልታደርስ ነው?» ሣጥኑ ውስጥ የብረት ቁርጥራጭ ሞላንበት፤ ከኋላ ባሌስትራዋ ያወጣነውንም ብረት መለስንላት። አሁን ዳገት ላይ ከበፊቱ ትዘገያለች። አባባ ድምፅዋን አዳምጠው «እንዲህ ነበረች» ብለዋል።