«ከወደቅህ ሞትህ» በእንግሊዝኛ

ስሜን ተራሮች፣ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ነን፤ 3,926 ሜትር። አንድ ፈረንጅ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲጠጋ ወጣቱ አስጎብኚ ጮኸ፦ «ኢፍ ዩ ፌል ዳውን፣ ዩ ዳይድ!» ፈረንጁ ፈገግ ብሎ አንድ እርምጃ ጨመረ። ልጁ እጁን ይዞ ጎተተው።

ልጁ ያሰበው በአማርኛ ነው፦ «ከወደቅህ ሞትህ»። ሰውዬው ገና አልወደቀም፤ አማርኛው ግን ቀብሮታል። እኛ አደጋን የምናስጠነቅቀው ያለቀ ነገር አድርገን ነው። በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌርም ረዳቱን ሲያስተምር «እዚህ ጋ ፍሬን ካበዛህ ሄድህ» ይለዋል። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ከ«ኢፍ» ቀጥሎ የመጣ ኃላፊ ጊዜ ሩቅ ነው፤ የማይሆን፣ የምናብ ነገር። ልጁ ያለውን ትልቁን ጩኸት ጮኸ፤ እንግዳው ጋ ሲደርስ ተረት ሆነ።

*

ዳባት እንግሊዝኛ ሳስተምር በቀይ እስክሪብቶ በብዛት የሠረዝሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ «ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ ዩ ዊል ጌት ዌት።» ታይፕ ዋንና ታይፕ ቱ የሚባሉት የ«ኢፍ» ዓይነቶች ተደባልቀዋል ብዬ ግማሽ ነጥብ እቀንስ ነበር። ልጆቹ ግን አልደባለቁም፤ ተርጉመዋል። «ከዘነበ» ስንል ግሱ ኃላፊ ነው፤ ሊሆን ለሚችል፣ ለእውነተኛው ዝናብ። ለሚያጠራጥረው ደግሞ «ቢዘንብ» እንላለን፤ እዚህ ግሱ ኃላፊ አይደለም። እንግሊዝኛው ተገላቢጦሽ ነው፦ ለእውነተኛው ዝናብ የአሁን ጊዜ፣ ለሚያጠራጥረው ኃላፊ ጊዜ ይጠቀማል። እኛ ቅርብ ባልንበት ቦታ እነሱ ሩቅ ይላሉ።

ሳስተምርበት የነበረው መጽሐፍ ይህን አንድም ቦታ አላነሳውም። እኔም የገባኝ ማስተማር ካቆምሁ በኋላ ነው። የቀነስሁትን ግማሽ ግማሽ ነጥብ ለማን ልመልስ?

*

«ነገ በ12 ሰዓት ትነሳለህ፤ ወፍራም ልብስ ትይዛለህ፤ ውሃ ሁለት ሊትር።» ይህ በአማርኛ ምክርም ትእዛዝም ነው፤ የሚለየው የተናጋሪው ፊት ነው። አንድ አስጎብኚ ማታ በእራት ሰዓት ቃል በቃል አስተላለፈው፦ «ዩ ዊል ዌክ አፕ አት ሲክስ። ዩ ዊል ቴክ ጃኬት።» ጡረታ የወጣች የምትመስል እንግዳ ወደ ባሏ ዞር ብላ ወታደር ቤት የገባን መሰለኝ አለች። ልጁ አልሰማም። ወይም የሰማ አልመሰለም፤ ይህም የሙያው አካል ነው።

የዳባት ገበሬ ግን ይህን የምክርና የትእዛዝ ልዩነት ከማንም ሰዋስው አዋቂ በላይ ያውቀዋል። የልማት ሠራተኛው መጥቶ «ይህን የገብስ ዘር ብትዘሩ» ካለ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል፤ ዋጋው፣ ጭዱ፣ ውርጭ መቻሉ። «ይህን ትዘራላችሁ» ካለ ዝም ይባላል።

*

አማርኛ አክብሮቱን የሚከፍለው በ«እርስዎ» እና በ«አንቱ» ነው። እንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው ዕዳውን በጊዜ ይከፍላል፤ ግሱን ወደ ኋላ፣ ወደ «ዉድ»፣ ወደ «ኩድ» ያርቀዋል። «አይ ዉድ ቴክ ኤ ጃኬት» ያለ ሰው ስለ ራሱ ያወራ ይመስላል፤ በተዘዋዋሪ አንቱ ማለቱ ነው።

ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሱቅ በር ላይ ቆመን «ስኳር ፈልጌ ነበር» እንላለን። ባለሱቁ «ታዲያ አሁንስ ተውኸው?» ብሎ አይጠይቅም።

*

ከፍታው በሚያመጣው ራስ ምታት ላይ ግን ይህ ሁሉ ጨዋነት ይፈተናል።

ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእሷ በላይ ማደሪያ ካምፖቹ፦ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620፤ ከጨነቅ በላይ የቧሂት ጫፍ 4,430። የከፍታ ሕክምና የታወቀ ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ከአዳር አዳር ከ500 ሜትር ያልበለጠ ጨምሩ ይላል። መንገደኛው የእረፍት ቀኑ የተቆጠረ ነው፤ በመኪና ቀጥታ ጨነቅ ይደርስና ማታ ራሱን ይይዛል።

እዚህ ላይ «ኢፍ አይ ወር ዩ፣ አይ ዉድ ጎ ዳውን» የሚል አስጎብኚ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እንግዳው ግን ከፊቱ ሁለት በር ተከፍቶለታል፤ ያኛው እኔ አይደለም፣ እኔም እሱ አይደለሁም፣ ስለዚህ አልወርድም ማለት ይችላል። «ዉድ» ሥራውን ሠርቷል፤ ነፃነት ሰጥቷል። ጥያቄው ያን ሰዓት ለሰውዬው ነፃነት ያስፈልገዋል ወይ ነው።

አብሬው የሄድሁ አንድ ነባር አስጎብኚ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። እንግዳው ራሱን ሲይዝ ብቻ «ሜይቢ ኢት ዉድ ቢ ጉድ ቱ ሬስት» አለው። ካስመለሰው በኋላ፦ «ኢፍ ዩ ስቴይ ሂር፣ ኢት ዊል ጌት ዎርስ።» ሲራመድ ሲንገዳገድ ባየው ጊዜ ምክሩን ጨርሶ ተወው። «ዊ አር ጎይንግ ዳውን» አለ፤ ይህን ሲል የበቅሎውን ጭነት እያጠበቀ ነበር። የአሁን ጊዜ፣ ያውም እየተደረገ ያለ። ሰውዬው የሚከራከርበት ግስ አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ቅርጾች የማስባቸው በፈተና ወረቀት አይደለም። ሳንቃበር፣ ጨነቅ፣ ቧሂት ብዬ ነው፤ በወጣህ ቁጥር «ዉድ» እየሳሳ ይሄዳል።

*

«ሃድ ቤተር» ትምህርት ቤት ለስላሳ ምክር ተብሎ ከ«ሹድ» ጎን የሚሰጥ ነው። ስሙ ላይ «ቤተር» ያለበት ነገር ማንን ያስፈራል? እንግሊዞቹ ግን ሲሉት ከኋላው «አለዚያ» አለ። እንግዳን «ዩ ሃድ ቤተር ፔይ ናው» ያለ ልጅ ሒሳቡ ቶሎ ተከፍሎታል፤ ጉርሻው ግን ቀርቷል። «ማስት» ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ «ዩ ማስት ሲ ዘ ጭላዳ» ግዴታ መስሎ ግብዣ ነው።

*

መሣሪያ ይዞ አብሮ የሚሄደው ስካውት እንግሊዝኛው «ስቶፕ»፣ «ስሎው» እና «ኖ ፕሮብለም» ነው። ጊዜ የለው፣ «ኢፍ» የለው። ያልታዘዘው እንግዳ አላየሁም።

*

በቅኔ ቤት ካልዓይ አንቀጽን፣ ገና የሚሆነውን የሚናገረውን የግስ ቅርጽ፣ ትንቢት ይሉታል። ጎንደር አካባቢ ላደገ ሰው ስለ ነገ መናገር በስሙ ራሱ የነቢያት ሥራ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ገበሬው ሰማዩ ጠቁሮ እያየ እንኳ «ሳይዘንብ አይቀርም» የሚለው፤ ደፍሮ «ይዘንባል» ካለም «እግዜር ካለ» ይጨምርበታል። አስጎብኚው ግን «ዊል ኢት ሬይን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠበቅበት የስ ወይም ኖ ነው። «ሜይቢ» ካለ ሥራውን አያውቅም ይባላል።

*

የስሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ባላቸው ቅርሶች መዝገብ ላይ ነበር። ያ ለዋልያው የተጻፈ ስለነበር እንግዳ አላስቀረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ግን ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አመጣ፤ የውጭ መንግሥታትን የጉዞ ምክር። እንግሊዞቹ፣ እነዚያ «ዉድ» ያስተማሩን፣ እዚህ ላይ «ዉድ» የላቸውም፦ «አድቫይዝስ አጌንስት»፤ ደረቅ የአሁን ጊዜ። አሜሪካኖቹ ደግሞ እንደ ስካውቱ ናቸው፦ «ዱ ኖት ትራቨል።» ነጥብ።

ደባርቅ ሻይ ቤት አንድ አስጎብኚ አገኘሁ፤ በቅሎ አከራዩም እሱም ሥራ ፈተው ከርመዋል። ከዓመታት በፊት ያስጎበኘው አንድ ደንበኛ ጽፎለታል፤ ልምጣ ወይ የሚል። ስልኩን አቀበለኝ። «ካም» ብሎ ጽፎ አጥፍቶታል። «ኢት ዊል ቢ ፋይን» ብሎ ጽፎ እሱንም አጥፍቶታል።

«መምህር፣ ‹ብትመጣ ጥሩ ነበር› በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

አማርኛው ምኞቱንም፣ ግብዣውንም፣ ቁጭቱንም በአንድ አፍ ይዞታል። እንግሊዝኛው ግን ያስመርጣል፤ ገና ሊመጣ የሚችል ከሆነ አንድ፣ ነገሩ ያለፈ ከሆነ ሌላ። ሁለቱንም በወረቀት ጻፍሁለትና ጠየቅሁት፦ «የትኛው ነው? ገና ይመጣል ወይስ ቀርቷል?»

ወረቀቱን አየው፤ በበሩ በኩል ወደ ሳንቃበር የሚወስደውን መንገድ አየ።

«እሱን ባውቅማ…» አለ።